ክርክር፦ የታካሚ መዝገብና ዘረመል ሳይጠየቅ ለምርምር ይዋል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ ሆስፒታሎች የወረቀት ካርድን ወደ ኮምፒውተር እያዞሩ ነው። ይህ መዝገብ ከደም ናሙና ከሚገኝ የዘረመል መረጃ ጋር ተያይዞ፣ ታካሚው ሳይጠየቅ ለምርምር ይዋል ወይስ አይዋል?

ፋርማሲስቷ፦ ይዋል። በአንድ መድኃኒት ላስረዳ። ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም ሞርፊን ወደሚባል ብርቱ ማስታገሻ ይቀይረዋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አሳየ። እንዲህ ያለው ሰው ሞርፊኑ በፍጥነት ስለሚበዛበት፣ ለሌላው ማስታገሻ የሆነው ልክ የእርሱን ትንፋሽ ሊያፍን ይችላል። አገራችን ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች ያገደችው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። መዝገቡ ተያይዞ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዓመት ባልጠበቅን ነበር።

ጠበቃው፦ እህቴ፣ ራስዎ ያቀረቡት ማስረጃ ይሞግትዎታል። ግኝቱ በ1996 እጃችን ላይ ነበር። 19 ዓመት የፈጀው መረጃ ጠፍቶ አይደለም፤ ውጤቱን የሚሠራበት ሰው ጠፍቶ ነው። የሰውን ካርድ ሳያስፈቅዱ መክፈት ለዚህ መድኃኒቱ አይደለም።

ደግሞም ነገሩ ተሞክሯል። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣችው ሕግ የመላ ሕዝቧን የጤና መዝገብ በአንድ ቋት ልታኖር ተነሣች፤ «አልፈልግም» ብሎ ያላመለከተ ሁሉ እንደ ፈቀደ ተቆጠረ። የቋቱ ፈቃድ የተሰጠው ዲኮድ ለተባለ የግል ኩባንያ ነው። አንዲት ልጅ የሟች አባቷ መዝገብ እንዳይገባ ከሰሰች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረደላት፤ ከአባቷ መዝገብ ስለ እርሷ የዘር ባሕርይ ማወቅ ይቻላልና። ያ ቋት እስከ መጨረሻው አልተሠራም። ኩባንያው ግን አልሞተም፤ ሰዎችን አንድ በአንድ እየጠየቀ ከአገሪቱ አዋቂዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በፈቃዳቸው ናሙና ሰጡት።

ፋርማሲስቷ፦ አይስላንድ ትንሽ አገር ናት። የብሪታንያው የናሙናና የጤና መረጃ ማከማቻ፣ ዩኬ ባዮባንክ፣ ከ9 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ጋብዞ የመጡለት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ናቸው፤ እነርሱም ከቀረው ሕዝብ ይልቅ ጤናሞች ሆነው ተገኙ። በፈቃድ ብቻ ከሄድን ምርምሩ የሚያውቀው ጊዜና ጤና ያለውን ሰው ነው። ድሃው ከቁጥር ይወጣል።

ካርድ ክፍል፦ እኔ ካርድ አውጪ ነኝ። «ስሙ ይሰረዛል» የምትሉት ነገር ያስቀኛል። በአንዲት ትንሽ ወረዳ «ሴት፣ 34 ዓመት፣ መንታ የወለደች፣ የቲቢ መድኃኒት የጀመረች» ከተባለ ስሟ ምን ያደርጋል? ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል። ፈቃድም ቢሆን፣ ጋሽ ጠበቃው፣ በእኛ ዘንድ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ፦ ሦስት ገጽ ቅጽ፣ ከኋላ የሚገፋ ሰልፍ፣ ሰማያዊ ቀለም የነካ አውራ ጣት። አንብቦ የፈረመ ብዙም አላየሁም።

ተመራማሪው፦ ለዚህ መልስ ከወላይታ አለ። ፖዶኮኒዮሲስ፣ ባዶ እግሩን ቀይ አፈር ላይ የሚሠራን ሰው የሚይዝ የእግር እብጠት ነው። በበሽታው ላይ የዘረመል ጥናት ሲታሰብ ቤተሰቦች የፈሩት መርፌውን አልነበረም፤ «በዘር ነው» ከተባለ ልጆቻችንን ማን ያገባል የሚለውን ነበር። አጥኚዎቹ ይህን ቀድመው ጠይቀው አወቁና አገላለጻቸውን በዚያው ልክ አስተካከሉ። ጥናቱ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ፤ ተጋላጭነቱ ከአንዳንድ የሰውነት በሽታ መከላከያ ዘረመሎች ጋር እንደሚያያዝ ታወቀ። ይህን ፍርሃት ከኮምፒውተር መዝገብ ማን ያነበዋል?

ከናታንያ፦ ከእስራኤል ነው የምጽፈው። ከእኛ ከቤተ እስራኤላውያን የተለገሰ ደም ኤች.አይ.ቪን በመፍራት በስውር ሲጣል እንደኖረ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ደማችንን ማንም አልተጠቀመበትም፤ እንዲያውም ጣሉት። ያ ሁሉ ሰው አደባባይ የወጣው ሳይነገረው ስለተደረገበት ነው። ለበጎ ነው ብላችሁ ብትወስዱትም ያው ነው።

ፋርማሲስቷ፦ እሺ፣ እንለየው። ስንት ሰው በስኳር ታመመ፣ የትኛው መድኃኒት ሠራ የሚለው ቆጠራ ያለ ፈቃድ ይሁን። ዘረመል ግን ቤተሰብን ስለሚነካ ይጠየቅ።

ጠበቃው፦ በዚህ እቀርባለሁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤናንም የዘረመልንም መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መድቧቸዋል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ፈቅዶ የነበረ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ወዴት ይሂድ?

ካርድ ክፍል፦ ወደ እኔ ይልኩታል። ኮምፒውተሬ ላይ ግን እንዲህ ያለ ቁልፍ የለም።