ቁንዶ በርበሬ የምትለቅመውን ወፍ ፎቶ ማንሳት አቃተኝ

የጉለሌው፦
ሰላም ቤተሰብ። ግቢያችን በሩ አጠገብ ትልቅ የቁንዶ በርበሬ ዛፍ አለ፤ ፍሬው ቀልቶ ተንዠርግጓል። ጠዋት ጠዋት ጭንቅላታቸው ጠቆር ያለ ሁለት ቡናማ ወፎች ይመጡና ይለቅማሉ። ካሜራዬ ካኖን ነው፣ ሌንሱ ከሩቅ የሚያቀርበው 55–250 ሚ.ሜ.። ሁለት መቶ ፎቶ አንስቼ ይህ ነው የሚባል አንድም የለኝም። ወይ ፎከሱ ቅጠል ላይ ያርፍና ወፏ ትደበዝዛለች፣ ወይ ከኋላዋ ሰማዩ ነጭ ሆኖ እሷ ጥቁር ጥላ ብቻ ትሆናለች። ጠጋ ስል ደግሞ እብስ! ምን ላድርግ?

ሌንስ በትከሻ፦
አገላለጽህ ቡልቡል ነው የሚመስለው፣ አዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ሞልቷል። ጭራው ከሰውነቱ የሚረዝም ከሆነ ግን ሌላ ነው።
በቃ አትጠጋ። ወንበርህን አውጥተህ ቡናህን ይዘህ ቁጭ በል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ እንደ ግቢው ዕቃ ያይሃል። ቡልቡል ደግሞ ዝም ብሎ አይመጣም፣ ይንጫጫል፤ ድምፁን ስትሰማ ካሜራውን አንሳ። ሹተር (የማንሻው ፍጥነት) 1/1000 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) f/5.6፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚያጎላበት መጠን) 1600 ቢደርስም አትሳቀቅ። ፎቶው አሸዋ አሸዋ ቢል ከሚደበዝዝ ይሻላል። የፎከስ ነጥቡን አንድ ብቻ አድርገህ አይኗ ላይ ጣል፣ ሁሉንም ነጥብ ከከፈትክለት ካሜራው ቅርብ ያለውን ቅጠል ነው የሚይዘው።

ቀዮ፦
በስልክ የወፍ ድምፅ ክፈትላት፣ ሮጣ ትመጣለች 😀

የማድ ቤት መስኮት፦
ኧረ ተው ቀዮ! ሌላ ወፍ ቦታዋን ሊቀማት የመጣ እየመሰላት መብላቷን ትታ ስትጨነቅ ነው የምትውለው።
እኔ የማነሳው ከማድ ቤት ነው። መስታወቱን እወለውላለሁ፣ መብራት አጠፋለሁ፣ ሌንሱን መስታወቱ ላይ ልጥፍ አደርጋለሁ፣ አለበለዚያ የራሴ ነጸብራቅ ይገባል። ፍሬዋን ምንቃሯ ጫፍ ላይ ይዛ ቀና የምትልባት ቅጽበት አለች፣ ከዚያ ዋጥ ነው። አይንህን ብታርገበግብ አልፋለች። ስለዚህ በተከታታይ ተኩስ፣ ሃያ አንስተህ አስራ ዘጠኙን አጥፋ።
ለነጩ ሰማይ ደግሞ ከታች ወደ ላይ አታንሳ። ደረጃ ካላችሁ ውጣና ከኋላዋ ግድግዳ ወይ ዛፍ እንዲሆን አድርግ። ካልሆነ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን መጠን) +1 አድርገው፣ ሰማዩ ይጥፋ ግድ የለም። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርግ፣ ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ይከርራል።

የጉለሌው፦
አመሰግናለሁ! ዛሬ ደረጃው ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። እናቴ ሁለቴ መጥታ «ደህና ነህ ግን?» ብላኛለች። ጭራዋ ተቆርጧል፣ ግን ፍሬው ምንቃሯ ላይ አለ፣ አይኗም ጥርት ብሏል። ማታ እለጥፈዋለሁ።