ቦገንቪላዬ ለምለም ነው፣ አበባ ግን የለውም

የታቦር ነዋሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ፣ ሐይቁ አቅራቢያ ግቢዬ አጥር ላይ ቦገንቪላ አለኝ። ቅርንጫፉ ጣሪያ ሊነካ ነው፤ አበባ ግን የለም። ማንም ውሃ የማያጠጣው የጎረቤቴ አጥሩን በሐምራዊ ሸፍኖታል! እኔ በየጠዋቱ አጠጣለሁ፣ ዩሪያም ጣል አደርግለታለሁ። ምን ልጨምርለት?

አትክልት ወዳድ፦ እህቴ፣ ቀንሺ እንጂ አትጨምሪ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ ቅጠሉን ያፋፋል፣ አበባውን ያዘገያል። ውሃውንም ጣትሽን አፈሩ ውስጥ ስትከቺ ደረቅ እስኪሆን ተዪው፤ ቦገንቪላ ጠማ ሲለው ነው የሚያብበው። ክረምት ዝናቡ ይበቃዋል። ሲያባራ ረጃጅሙን ከርክሚ፣ አበባው የሚወጣው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ነው። (ሐምራዊው ራሱ ቅጠል ነው፤ እውነተኛዋ አበባ መሐሉ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት፣ ጠጋ ብለሽ እያት፣ ታምራለች።) እሾሁ ክፉ ነውና ጓንት አትርሺ።

ሐይቅ ዳር፦ ፀሐይስ በደንብ ያገኛል?

የታቦር ነዋሪ፦ በምሥራቅ በኩል አቮካዶ አለ፣ እስከ ቀትር ያጠላበታል።

ሐይቅ ዳር፦ በይ ዋናው እሱ ነው። ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። አቮካዶውን ግን እንዳትነኪ! ቦገንቪላውንም አትንቀዪው፣ ሥሩ ሲነካ አይወድም። የእርሳስ ውፍረት ያለው ጠንካራ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ በምዕራቡ አጥር በኩል ትከይ።