ጥቆማ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ጣሪያ ለምትቀይሩ

ሰሞኑን «ጣሪያ ልቀይር ነው፣ ምን ዓይነት ቆርቆሮ ልግዛ? ማንን ላሠራ?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። የግንባታ ባለሙያ አይደለሁም፤ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጣሪያ አስቀይሬያለሁ። አንዱ ደሴ ሆጤ ያለው የእናቴ ቤት ነው፣ ሌላው ኮምቦልቻ የምኖርበት ቤት። የእናቴን ሁለት ጊዜ ከፍዬበታለሁ። እናንተ አንድ ጊዜ ብቻ እንድትከፍሉ ስል ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ቤታችሁ የት እንደሆነ አስቡ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆንም የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሜዳው ላይ የደረሰ ሰው ጃኬቱን ያወልቃል። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ደሴ ላይ የጣሪያ ጠላቱ ዝናብ፣ በረዶና ብርድ ነው። ጦሳ ተራራ ላይ የተኛው ደመና ሐምሌና ነሐሴን እምብዛም አይነሳም፤ በልጉም ከየካቲት ጀምሮ ብቅ ይላል። ሌሊት ሲበርድ ደግሞ ቆርቆሮው ከውስጥ ያልበዋል፤ ጠዋት ኮርኒሱ ላይ የምታዩት እድፍ ሁሉ የቀዳዳ አይደለም። ኮምቦልቻ ላይ የሚያስቸግረው ሙቀቱና ነፋሱ ነው። ስለዚህ ደሴ ያለ ዘመዳችሁ ያሠራውን እንዳለ ኮምቦልቻ አታምጡት፤ የኮምቦልቻውንም ደሴ አትውሰዱት።

ወደ ቆርቆሮው ልግባ። ገበያ ላይ የሚጠራው በጌጅ (በውፍረት ቁጥር) ነው፦ 28፣ 30፣ 32፣ 35። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ይህን ሳያውቅ «ትልቁን ስጡኝ» ብሎ 35ቱን አስጭኖ የሄደ ሰው አውቃለሁ። በሚሊ ሜትር ሲነገር 28ቱ 0.4፣ 30ው 0.3፣ 32ቱ 0.25፣ 35ቱ 0.2 ገደማ ተብሎ ይሸጣል። ሻጭ የሚነግራችሁን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያለው ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ ካጣችሁ ሚዛን ይበቃል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 1 ካሬ ሜትር ብረት 7.85 ኪሎ ይመዝናል። 0.4ቱ በካሬ 3.1 ኪሎ ገደማ፣ 0.2ው 1.6 ኪሎ ገደማ ይመጣል ማለት ነው። ቆርቆሮው እየታጠፈ ስለሚሠራ በሚሸፍነው ስፋት ብቻ ካሰላችሁት ከዚህ ትንሽ ከፍ ይላል። ግን ቅርጻቸውም መጠናቸውም እኩል የሆኑ ሁለት ቆርቆሮዎች ሚዛን ላይ ብታወጡ የ0.4ቱ ክብደት የ0.2ውን እጥፍ መሆን አለበት። ሚዛን ላይ አላወጣም የሚል ሱቅ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ወደ ሌላው እለፉ።

ይህን የተማርኩት ከእናቴ ቤት ነው። ያስቀየርኩት ግንቦት መጨረሻ ላይ ነበር። አንድ ሱቅ 32 ጌጅ ብሎ ሸጠልኝ፤ ደረሰኙ ላይ «ቆርቆሮ» ብቻ ነው የተጻፈው፣ ጌጁ የለም። አናጢውም ክረምቱ ደረሰብን ብሎ ተጣድፎ እርጥብ ባሕር ዛፍ ላይ መታው። ሐምሌ ላይ በረዶ ጣለ። እማዬ ደውላ «ልጄ፣ ቤቱን በድንጋይ እየደበደቡት ነው የሚመስለው» አለችኝ። በማግስቱ ስደርስ ረከቦቷን ከቦታው አንስታ ሳፋ አስቀምጣበታለች፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሸምገል ያሉ ሌላ አናጢ ለምኜ ይዤ መጣሁ። መሰላሉ ላይ ቆመው አንዱን ምስማር በሁለት ጣታቸው ሳብ ሲያደርጉት ያለ መዶሻ ወጣ። ወደ እኔ ዝቅ አድርገው አሳዩኝና «እታለም፣ እንጨቱ ደርቆ ሸሽቶታል» አሉኝ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማልም፤ ምስማሩ የሚነክሰው ያጣል። ከዚያ ነፋሱ በየቀኑ ቆርቆሮውን ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ቆርቆሮው ሲለካ 0.2 ሆኖ ተገኘ። እማዬ ያን ክረምት በሙሉ ቡና ያፈላችው ጓዳ ውስጥ ነው። እስካሁን ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ ደሴ ላይ የምመክረው ይኸው ነው፦ አቅም ካለ 28 ጌጅ ኢጋ (ሞገዱ ማዕዘን ያለው ረጅም ቆርቆሮ)፣ ካልሆነ 30 ጌጅ ተራው ባለ ሞገድ ቆርቆሮ፣ ከዚያ የሳሳ አትግዙ። ኢጋ በቤቱ ልክ በርዝመት ስለሚቆረጥ መሐል ላይ መገጣጠሚያ አይኖረውም፤ ውሃ የሚገባው ደግሞ በአብዛኛው በመገጣጠሚያና በምስማር ቀዳዳ ነው። ተራው ቆርቆሮ ርዝመቱ 2 ሜትር እየሆነ እየተቀጣጠለ ስለሚሄድ ከላይ ወደ ታች ሲደራረብ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ጣሪያው ዘቅዛቃነቱ አነስተኛ ከሆነ 20 ሳንቲ ሜትር ይደረብ። በጎን በኩል አንድ ሞገድ ተኩል። የተደረበው አፍ ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ ይዙር። አናጢው ይህን ሳትነግሩት የሚያደርግ ከሆነ ጥሩ ሰው አግኝታችኋል።

አንድ ችግር ግን አለ። የደሴ ሰፈሮች ዳገት ናቸው፣ ቅያሱም ጠባብ ነው። እኛ ጋ 7 ሜትር ኢጋ የያዘው አይሱዙ ከአስፋልቱ ሊገባ ስላልቻለ አራት ወጣቶች እያንዳንዱን ቆርቆሮ በትከሻ አወጡት፤ አንዷ ኩርባ ላይ ነፋስ ገብቶበት ቆርቆሮው እንደ ሸራ ሲነፋ ሁላችንም ጮኽን። ሳታዙ በፊት መንገዱን በሜትር ለኩ፣ የምታስወጡትም ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ ይሁን።

ኮምቦልቻ ላይ 30 ጌጅ ይበቃል ባይ ነኝ። ትርፉን ገንዘብ ኮርኒሱ ላይ አውሉት። ቀለም የተቀባ ከገዛችሁ ነጣ ያለውን ምረጡ፤ ጥቁር ቡናማው ከመንገድ ሲያዩት ያምራል፣ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ ግን ያስቸግራል። ከኮርኒሱና ከቆርቆሮው መካከል ሙቅ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ በሁለቱም ጫፍ ይተው፤ ወፍ እንዳይገባ በወንፊት ይሸፈን። እኔ ቤት ከዚህ ሥራ በኋላ ልጆቼ ቀን መተኛት ችለዋል። የጣሪያው ጫፍ አካባቢ ነፋሱ ስለሚያነሳው ቪቴው (ቆርቆሮውን የሚይዘው ብሎን) እዚያ ጋ ጠበቅ ጠበቅ ተደርጎ ይደርደር።

ሸክላ መሰሉን ቆርቆሮ ለጠየቃችሁ፦ ያምራል፣ አልክድም። ግን ማዕዘን ለበዛበት ቤት ቁርጥራጩ ብዙ ነው፣ ማገሩም በልኩ ካልተመታ አይገጥምም። ልምድ ያለው ሠራተኛ ካላገኛችሁ ይቅርባችሁ። አሉዚንክ የሚባለው ደግሞ ልባሱ 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ የቀረው በአብዛኛው ዚንክ ነው፤ ከተራው ዚንክ ይልቅ ዝገት ይቋቋማል። እርጥብ ሲሚንቶ አይወድም። ግንበኛ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ሲለስን የሚፈስበት ከሆነ ቶሎ እጠቡት።

ጅቡቲ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ «እኔም ጣሪያዬ አለቀብኝ፣ ያንቺን ዓይነት ላስገባ?» ብሎ ፎቶ ልኮልኝ ነበር። እሱ ያለበት ሌላ ጉዳይ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ነፋሱ ጨው ይዞ ይመጣል፤ ጨው ዚንኩን ይበላል፣ ዚንኩ ሲያልቅ ብረቱ ይዝጋል። መጀመሪያ የሚሄደው የምስማሩ ራስና የተቆረጠው ጠርዝ ነው፤ ዝናብ የማያገኘውና የማያጥበው የክፈፉ ሥርም ቶሎ ይበላል። ለሱ ወፍራም ልባስ ያለው ወይም አሉሚኒየም፣ ከቆርቆሮው እኩል የሚቆይ ቪቴ፣ በየጊዜውም በንጹህ ውሃ ማጠብ ያስፈልገዋል። በባቲና በሚሌ አድርገው አሰብ ይመላለሱ የነበሩ አንድ ሾፌር ጎረቤታችንም የወደቡ ብረት እንዴት እንደሚላጥ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ያ ጨው ግን ወሎ ተራራ ላይ አይደርስም። «ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ነው» ተብሎ ዋጋ ከተጨመረባችሁ ያንን ገንዘብ ውፍረቱ ላይ አድርጉት። እኛን የሚበላን ጨው ሳይሆን የማድ ቤት ጭስ ነው። በእንጨት የሚጋገርበት ማድ ቤት ቆርቆሮ ከውስጥ በኩል ነው የሚያልቀው፤ ጭስ ማውጫ ሳታበጁ አዲስ ቆርቆሮ አታልብሱት።

ማንን ላሠራ ላላችሁ። ሦስት አማራጭ አይቻለሁ። የቀን ሠራተኛ አናጢ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን አጠገቡ መዋል ይጠይቃል። ቆርቆሮ ሻጩ የሚልካቸው ሠራተኞች ፈጣን ናቸው፤ እንጨቱ ይዋዥቅ አይዋዥቅ ግን አይጨነቁበትም፣ ቆርቆሮ መምታት ብቻ ነው ሥራቸው። እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት በካሬ ተስማምቶ እንጨቱንም ቆርቆሮውንም አሸንዳውንም አንድ ሰው ኃላፊነት የሚወስድበትን ነው። ሲያፈስ «የሱ ነው፣ የሷ ነው» የለም። ከመስማማታችሁ በፊት ከሁለት ክረምት በፊት የሠራውን ቤት አሳዩኝ በሉት፤ ዘንድሮ የተሠራ ጣሪያ ሁሉ ደህና ነው። የመጨረሻውን ክፍያ ውሃ እስኪሞከር ያዙ። ዝናብ ከሌለ በቱቦ ወይም በጀሪካን ከላይ ይፈሰስ፣ እናንተ ኮርኒስ ሳይመታ ውስጥ ቆማችሁ ተመልከቱ።

ሥራው ላይ ሦስት ነገር አትለፉ። ቆርቆሮ በግራይንደር አይቆረጥ፤ ሙቀቱ ልባሱን ያቃጥለዋል፣ የሚረጨው ትኩስ ብናኝም ጣሪያው ላይ ተጣብቆ በሳምንቱ ይዝጋል። በቆርቆሮ መቀስ ይቆረጥ። በምስማር ፈንታ ጎማ ያለው ቪቴ ይሁን፤ ሲጠብቅ ጎማው ይተኛ እንጂ ተጨፍልቆ አይውጣ። የተገዛው ቆርቆሮ ተነባብሮ ዝናብ ከመታው ደግሞ መካከሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ዝገት ያወጣል፤ ካስቀመጣችሁት ዘንበል አድርጋችሁ ሸፍኑት። እንጨቱን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ጥላ ሥር አድርቁት፣ ወይም አቅም ካለ ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት) አስበይዱ። ኮምቦልቻ ላይ እኔ ቱቦላሬ ነው ያስደረግሁት፤ ብየዳው ላይ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም) ካልተቀባ ግን ጥቅም የለውም።

ጊዜውን በተመለከተ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ድረስ ያለውን እመርጣለሁ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሁሉም ሰው ጣሪያ ያስታውሳል፤ አናጢ ይጠፋል፣ ዋጋም ይወደዳል።

አሸንዳ የቅንጦት አይደለም። 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውሃ ነው። 80 ካሬ ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1,600 ሊትር ይወርዳል። ይህ ውሃ የጭቃ ቤት ግድግዳ ሥር ሲፈስ መሠረቱን ይቦረቡራል፤ ሮቶ ውስጥ ሲገባ ግን ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ሀብት ነው። የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ጣሪያውን እንዲያጥቡ ልቀቋቸው።

ከሮቢት የጠየቅሽኝ እህቴ፣ በ2014ቱ ጦርነት ጥይት የበሳውን ጣሪያ በሬንጅ እንደደፈንሽው ነግረሽኛል። ሬንጅ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል። ቆርቆሮው ገና ጤነኛ ከሆነ ሙሉውን መቀየር አያስፈልግሽም፤ ከተመሳሳይ ቆርቆሮ እጅ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ አስቆርጠሽ፣ ሥሩን በሲልከን ቀብተሽ፣ ዙሪያውን በሪቬት አስመቺው። የእትዬን ቤት ዘጠኝ ቀዳዳ እንዲህ ነው የዘጋነው፤ ሁለት ክረምት ይዟል።

አዲስ አበባ ሄዶ መግዛት ያዋጣል ወይ ላልከኝ ወንድሜ፦ መንገዱ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ለአንድ ቤት አያዋጣም፤ ጎረቤት ሁለት ሦስት ቤት ሆናችሁ አንድ አይሱዙ ከሞላችሁ ግን ተያይታችሁ አስሉት። መንገድ ላይ የተጋጨ ቆርቆሮ ልባሱ ይላላጣል፣ እሱንም ቁጠሩት። መጀመሪያ ግን ኮምቦልቻንም ደሴንም ዞራችሁ፣ ጌጁ የተጻፈበት ዋጋ ከሦስት ቦታ ውሰዱ።

አሮጌውን ቆርቆሮ ለቆራሌው በርካሽ አትስጡት። ደህናውን ለይታችሁ ለአጥርና ለእንጨት ማስቀመጫ አድርጉት፤ የእማዬ ዶሮዎች አሁን ያ 0.2ው ሥር ነው የሚያድሩት።