ካታኒያ (ሲሲሊ፣ ጣሊያን) ላይ አስጎብኚያችን ቀረ! እባካችሁ እርዱን

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች፣ አስቸኳይ ነው! የግማሽ ቀን የእግር ጉብኝት ከፍለን ነበር። ዝሆኑ ሐውልት ጋ እንገናኝ ተባብለን ይኸው ቆመናል። ሰውየው ስልክ አያነሳም። እማዬ አብራኝ ናት፣ ጉልበቷን ያማታል። ማታ በረራ አለን። የኤትናን እሳተ ገሞራም ዋና ዋና ቦታዎቹንም በራሳችን ማየት እንችላለን?

የሚላኖዋ፦ አይዞሽ እህቴ። ስንት ሰዓት ሆነ? ቀኑስ? እሑድ ከሆነ የዓሣ ገበያው ዝግ ነው።

ቦሎኛ፦ ገንዘብሽን አስመልሺ! መልእክቶቹን ስክሪንሾት አድርጊ፣ እንዳታጠፊያቸው።

ታሪክ ወዳድ፦ መጀመሪያ የቆምሽበትን እወቂ። ዝሆኑ ከላቫ (ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ ወጥቶ ከሚጠጥር) ድንጋይ የተጠረበ ነው። በ1669 እ.ኤ.አ. ከኤትና የወረደው ላቫ ከተማዋ ገብቶ ባሕር ድረስ ሄደ። የኡርሲኖ ግንብ ባሕር ዳር ነበር፤ ላቫው ዙሪያውን ሞልቶ ባሕሩን አራቀበት። ግን ከተማዋን ያፈረሳት እሱ አይደለም፤ የ1693ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። አሁን የምታዪው አብዛኛው ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ይህን ሳያውቁ መዞር ድንጋይ ማየት ብቻ ነው።

ጋሽ ሮማ፦ ልጄ፣ እሳተ ገሞራው እኮ ከተማው ውስጥ አይደለም! ኤትና ከ3,300 ሜትር በላይ ተራራ ነው። አውቶቡሱ ጠዋት ወጥቶ የሚመለሰው ከሰዓት ነው። ማታ በረራ ይዘሽ እንዳትሞክሪው። ሰማዩ ከጠራ ቪያ ኤትኔያ የሚባለው ጎዳና ላይ ቁሙና ወደ ሰሜን እዩ፣ መንገዱ ጫፍ ላይ ይታያችኋል።

ጠያቂ፦ ማክሰኞ ነው፣ በኛ ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል። ዝሆኑ ጀርባ ላይ ያለውን ሐውልት አይታ እማዬ «የኛ ነው?» እያለች ነው።

ታሪክ ወዳድ፦ አይደለም፣ እሱ በግብፅ አሠራር ነው። የአክሱሙ የነበረው ሮም ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. አገሩ ገብቷል።

የሚላኖዋ፦ በይ ስሚኝ። ካቴድራሉ ፊት ለፊትሽ ነው፣ ከምሳ በፊት ግቡ። ትከሻችሁን ሸፈን አድርጉ። የቅድስት አጋታ አፅም ያለው እዚያ ነው፤ የሙዚቃ ደራሲው ቤሊኒም እዚያው ተቀብሯል። ከዚያ ነጩ የአሜናኖ ፏፏቴ ጋ ሄዳችሁ ከኋላው ደረጃውን ውረዱ፤ ዓሣ ገበያው ነው። መሬቱ እርጥብ ነው፣ እማዬን ያዣት። ወደ ኡርሲኖ ግንብ ብዙም አይርቅም፣ መንገዱም ሜዳ ነው። ስትመለሱ በቪያ ኤትኔያ እስከ ፒያሳ ስቴሲኮሮ። የሮማውያኑ አምፊቴአትር (ክብ የትርዒት ቦታ) ከመንገዱ በታች ነው፤ ከላይ ሆናችሁም ይታያል። የቤኔዲክቲን ገዳም ዳገት ስላለው በታክሲ ሂዱ። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው፣ እዚያው የራሱ አስጎብኚዎች አሉት። ሁሉንም ለማዳረስ አትሩጪ፤ ጉልበቷን ካማት ገዳሙ ይቅር።

አዲስ አባል፦ ገንዘብሽን አስመልሺ እህቴ።

ቦሎኛ፦ እሱን እኮ ብያለሁ!

ካምፓላ፦ የአልሞንድ ግራኒታ (የተፈጨ በረዶ) በብሪዮሽ (ለስላሳ ዳቦ) ሳትበሉ ከሄዳችሁ ካታኒያን አላያችሁም። እዚያ ቁርስ ነው፣ ደግሞ ቁጭ ብላ ታርፋለች።

ጋሽ ሮማ፦ አንድ ነገር፦ ኤትና አመድ ስትተፋ የካታኒያው ፎንታናሮሳ ኤርፖርት ሊዘጋ ይችላል። በረራውን አሁኑኑ አረጋግጪ። ወደ ኤርፖርት አሊባስ የሚባል አውቶቡስ አለ።

የሚላኖዋ፦ እህቴ፣ ገበያው ጋ ደረሳችሁ? አስጎብኚውስ ደወለ?