ወላጆቼን ይዤ ፔትራንና ዋዲ ረምን ለመጎብኘት፦ ለእኛ ተብሎ የሚዘጋጅ ጉዞ እንዴት ይታቀድ?

የዱባይዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ዱባይ ነው። አባቴ 71፣ እናቴ 66 ዓመታቸው ሲሆን፣ በመጪው ጥቅምት መጨረሻ እነርሱ ከአዲስ አበባ እኔ ከዱባይ ተነሥተን ዮርዳኖስ ላይ ተገናኝተን አንድ ሳምንት አብረን ለማሳለፍ አስበናል። አባቴ በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉ፣ ላሊበላንም በእግራቸው ተጉዘው የተሳለሙ ሰው ናቸው። ፔትራ ከዓለት የተፈለፈለች ጥንታዊ ከተማ መሆኗን ከሰሙ ወዲህ «እነዚያስ ከየት ጀምረው ፈለፈሉት?» ብለው መጠየቃቸውን አላቋረጡም። እናቴ ግን ከሁሉ በፊት ማየት የሚፈልጉት ሙሴ የተስፋይቱን ምድር አሻግሮ ያየበትን የናባውን ተራራ ነው።

ችግሬ እንዲህ ነው። እናቴ የቀኝ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው ሜዳ ላይ ቀስ ብለው ከአንድ ሰዓት በላይ መራመድ ቢችሉም ደረጃ መውጣት አይሆንላቸውም። ሁለት አስጎብኚ ድርጅቶችን ጠይቄ ነበር፤ ሁለቱም የላኩልኝ ለማንኛውም ሰው የሚልኩትን ዝግጁ መርሐ ግብር ነው። በሰባት ቀን ከአሥር የሚበልጡ ቦታዎች ተደርድረዋል፤ ፔትራም ጠዋት ከአማን ተነሥቶ ማታ ወደ አማን የሚመለስ የአንድ ቀን ጉዞ ሆና ተቀምጣለች። ለእኛ በሚስማማ መንገድ እንዲያስተካክሉልኝ ስጠይቅ «የሚፈልጉትን ይንገሩንና እንለውጠዋለን» ብለው መለሱልኝ። እኔ ደግሞ ምን መጠየቅ እንዳለብኝ እንኳ በቅጡ አላውቅም። ወላጆቹን ወይም አረጋውያንን ይዞ የሄደ ሰው ካለ፣ ምን ይቅር፣ ምን ይጨመር፣ በጽሑፍስ ምን ላስፈርም? ዋዲ ረም በረሃ ውስጥ በድንኳን ማደሩስ ለእነርሱ ይሆናል?

የአማን ነዋሪ

ውድ ጠያቂ፣ አማን ብዙ ዓመት ስለኖርሁና ከአገር ቤት የሚመጡ ዘመዶቼን በየጊዜው ወደ ደቡብ ይዤ ስለምወርድ፣ የማውቀውን ላካፍልዎት። ከሁሉ አስቀድመው ያንን የአንድ ቀን የፔትራ ጉዞ ያሰርዙት። ከአማን እስከ ፔትራ በበረሃው አውራ ጎዳና 235 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለመሄድ ሦስት ሰዓት፣ ለመመለስም ሌላ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ስድስት ሰዓት መኪና ውስጥ ከተቀመጡ በኋላ ምን ያህል ይራመዳሉ? የቦታው መግቢያ ዋጋም ቢሆን ለአንድ ቀን 50፣ ለሁለት ቀን 55 የዮርዳኖስ ዲናር በመሆኑ፣ ሁለተኛው ቀን የሚያስጨምረው አምስት ዲናር ብቻ ነው። ስለዚህ ፔትራ በር ላይ ባለችው በዋዲ ሙሳ ከተማ ሁለት ሌሊት እደሩ።

ቀጥሎ የቦታውን አቀማመጥ በልብዎ ይያዙት፤ መርሐ ግብሩ ሁሉ የሚቆመው በእርሱ ላይ ነውና። ከመግቢያው በር ተነሥቶ ሲቅ የሚባለው ጠባብ የገደል መተላለፊያ እስከሚጀምርበት ድረስ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ገላጣ መንገድ አለ። ሲቁ ራሱ 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሲያልቅ በድንገት ከፊት የሚቆመው አል ኸዝነህ፣ 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ፍልፍል ፊት ነው። ከዚያ ወደ መካነ መቃብሮቹና ወደ ቲያትሩ ወርዳችሁ ቀስር አል ቢንት እስከሚባለው ቤተ መቅደስ ብትደርሱ፣ ከበሩ ጀምሮ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችኋል ማለት ነው። መግቢያው ቁልቁለት ስለሆነ ሰው ሁሉ ሲገባ ይበረታል፤ መውጫው ግን ዳገት ነው፤ ድካሙ የሚመጣውም ፀሐይ በከረረችበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ለእናትዎ ያድርጉት። በሩ በአገሬው ሰዓት 6፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይከፈታል። (ወላጆችዎ በእኛ ሰዓት ስለሚያስቡ በሚሰጧቸው ወረቀት ላይ ሁለቱንም ይጻፉላቸው፤ በዚህ ምክንያት ስንት ሰው ከመኪና ቀርቷል።) ከበሩ እስከ አል ኸዝነህ የሚያመላልስ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አነስተኛ መኪና አለ፤ በተለይ የመመለሻው ቦታ ከእጅ እንዳይወጣ አስጎብኚው አስቀድሞ ይያዝላችሁ። ፀሐይ አል ኸዝነህ ላይ በሙሉ የምታርፈው በእኛ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ዓለቱ እንደ ፍም ይቀላል። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እናትዎ ሆቴላቸው ገብተው ይረፉ።

ሁለተኛው ቀን የአባትዎ ይሁን። አድ ዴር የሚባለው ትልቁ ፍልፍል ከ800 በላይ ደረጃ ተወጥቶ የሚደረስበት ሲሆን ብርሃን የሚያገኘውም ከሰዓት በኋላ ነው። አባትዎ ከበረቱ ከአስጎብኚው ጋር ይውጡ፤ እናትዎና እርስዎ ታች ሆናችሁ ጠብቁ። ደረጃውን በአህያ እናውጣቸው የሚሉ ልጆች ይመጣሉ፤ ለእንስሳቱም ለተቀማጩም ስለማይበጅ እኔ ዘመዶቼን ከልክያቸዋለሁ። ለራስ ተብሎ የተዘጋጀ ጉዞ ማለት በእኔ እምነት ይኸው ነው፤ ቤተሰቡ የግድ አንድ ላይ ተጎትቶ ሁሉን ከማየት ይልቅ ተለያይቶም ቢሆን እያንዳንዱ የልቡን አይቶ ማታ አንድ ማዕድ ላይ መገናኘቱ ነው።

በጽሑፍ ስለሚያስፈርሙት፦ ሹፌርና አስጎብኚ የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን ያረጋግጡ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ብዙ ሊያጫውታችሁ ይችላል፣ ቅርሱ ውስጥ ግን ገብቶ የማስጎብኘት ፈቃድ የለውም፤ በር ላይ ይጠብቃችኋል። «ከአስጎብኚ ጋር» የሚለው ቃል በየትኛው ቀን፣ ለስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ተዘርዝሮ ይጻፍ። እርስዎ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚያስተረጉሙ ከሆነ እያንዳንዱ ገለጻ እጥፍ ጊዜ እንደሚወስድ ለአስጎብኚው አስቀድመው ይንገሩት፤ አለዚያ ሰባት ቦታ ላይ ለማቆም ያሰበ ሰው ገለጻውን እያሳጠረ ያስሮጣችኋል።

የእማዬ ልጅ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ በራሴ ላይ ደርሶ ስላየሁት እመሰክራለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት እናቴን ይዤ የገዛሁት ጉዞ ያ የአንድ ቀን ጉዞ ነበር። እዚያ ስንደርስ ረፋዱ አልፎ ነበር። እናቴ ሲቁን ጨርሳ አል ኸዝነህ ፊት ስትደርስ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ «ልጄ፣ እዚሁ ልቅር፣ አንተ ሂድ» አለችኝ። እኔም ጥያት መሄድ አልቻልሁም። አውቶቡሱ በ9 ሰዓት ስለሚነሣ ዞረን ተመለስን። ከዚያ ማዶ ያለውን ሁሉ እስከ ዛሬ አላየሁትም። እናቴ ግን የሚያሳዝናት የራሷ ድካም ሳይሆን በእርሷ ምክንያት እኔ አለማየቴ ነው፤ ይህን ባሰብሁ ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

የበረሃውን ሌሊት በተመለከተ ግን ፈጽሞ እንዳያስቀሩት እለምንዎታለሁ። ዋዲ ረም ከፔትራ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ከጉዞው ሁሉ እናቴ ዛሬም ድረስ የምታነሣው ያንን ሌሊት ነው። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀምጣ፣ በልጅነቷ በገጠር ያየችውን ያህል ኮከብ እንደገና ማየቷን እያነሣች አድራለች። ሆኖም መጠየቅ የሚገባዎት ነገር አለ። «ዋዲ ረም» ተብለው ከሚሸጡት የድንኳን ሰፈሮች ብዙዎቹ ከጥብቁ ክልል ውጪ ዲሲ በሚባለው መንደር አካባቢ ያሉ ናቸው። እነዚያ ለመኪና የቀረቡ ስለሆኑ ለአረጋውያን መጥፎ አይደሉም፤ ሲከፍሉ ግን የትኛውን እንደሚከፍሉ ይወቁ። መጸዳጃው ከድንኳኑ ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ አልጋው ከመሬት ከፍ ያለ መሆኑን፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ መኖሩን ይጠይቁ። ቀን የሚሞቀው አሸዋ ሌሊት ይቀዘቅዛልና ጋቢ አይቅር። ቀን የሚዞሩበት መኪናም አብዛኛውን ጊዜ ኋላው ክፍት የሆነ፣ አግዳሚ ወንበር የተገጠመለት ፒክአፕ ነው፤ ለእናትዎ ከሹፌሩ አጠገብ ያለው መቀመጫ እንዲያዝ አስቀድመው ይነጋገሩ፤ ወደ ኋላው መውጣት ለጉልበት ከባድ ነው።

የምግቡንም ነገር አደራ። በጥቅምት መጨረሻ የጽጌ ጾም ስላለ ወላጆችዎ ሊጾሙት ይችላሉ፤ ረቡዕና ዓርብም አለ። ቀን ቀን ፉሉም፣ ሑሙሱም፣ ፈላፍሉም ስለማይጠፋ ችግር የለም፤ እርጎ እንዳይጨመርበት መናገር ብቻ ነው። በረሃው ውስጥ ማታ የሚቀርበው ግን ዘርብ የሚባለው፣ ጉድጓድ ውስጥ ፍም ላይ ተቀብሮ የሚበስል ምግብ ነው። ሥጋውና አትክልቱ በአንድ ባለ ደርብ መደርደሪያ ላይ ሆነው ስለሚገቡ ስቡ ወደ አትክልቱ ሊንጠባጠብ ይችላል። እኛ ስንደርስ ነበር የነገርናቸው፤ ጉድጓዱ ቀድሞ ተከድኖ ስለነበር እናቴ በዳቦና በቲማቲም አደረች። ሁለት ቀን ቀድመው ቢነግሯቸው ለብቻ ይሠሩላችኋል።

የዱባይዋ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ስለ ዘርቡ በራሴ ፈጽሞ አላስብም ነበር። እናቴ ጽጌን ይጾማሉና ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። አንደኛው ድርጅት በንጉሡ ጎዳና በኩል ጥንታዊ ምሽግ ያለባትን የከረክን ከተማ እያየን እንድንወርድ ይመክረኛል፤ ይሻላል? ሌላው ደግሞ የአባቴ ጥያቄ ነው፤ ከየት ጀምረው እንደፈለፈሉት በዓይን የሚታይ ነገር አለ?

ፊደል ወዳጅ

ስለ አባትዎ ጥያቄ እኔ ልመልስ፤ እኔንም ለብዙ ጊዜ ያስጨነቀኝ ጥያቄ ነውና። አዎን፣ በዓይን የሚታይ አለ። ፔትራ መሐል፣ ከቀስር አል ቢንት ብዙም ሳይርቅ፣ አል ሐቢስ ከሚባለው ኮረብታ ሥር ሳይጨረስ የቀረ መቃብር ይገኛል። የላይኛው ክፍል ተጠርቦ የዓምዶቹ ጉልላት ወጥቷል፤ ታችኛው ግን እንዳለ ያልተነካ ዓለት ነው። ዓምዶቹ ጭንቅላት ብቻ ይዘው እግር ሳይኖራቸው ከዓለቱ ብቅ ብለው ቀርተዋል። ጠራቢዎቹ ከላይ ጀምረው እየጠረቡ መውረዳቸውን ከዚህ የሚበልጥ ምስክር የለም፤ የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ላየ ሰው ደግሞ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ልዩነቱ፣ የእኛዎቹ ዓለቱን ዙሪያውን ቆርጠው ሕንፃውን ብቻውን አቁመውታል፤ የነባጢያኑ፣ የፔትራ ሠሪዎቹ፣ ግን በገደሉ ፊት ላይ የተጠረበ ነው። አብዛኛው ጎብኚ ሳያየው ስለሚያልፍ ይህ መቃብር በመርሐ ግብሩ ላይ በስሙ ይጻፍ።

ድቁና ላላቸው አባት ሌላም አለ። «የጋን መቃብር» የሚባለው ትልቁ ፍልፍል በ446 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በኤጲስ ቆጶስ ያሶን ዘመን ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ተባርኳል፤ ይህን የሚናገረው የግሪክ ጽሑፍም ግድግዳው ላይ ይገኛል። ወደ እርሱ መውጫው ደረጃ ስለሆነ እናትዎ ከታች ሆነው ይዩት። በሌላ በኩል ባለው የቢዛንታይን ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ የሚታየው የእንስሳትና የወቅቶች ሞዛይክም እንዳያልፋችሁ።

ዋዲ ረም ውስጥ ደግሞ ኸዝዓሊ በሚባለው ጠባብ ስንጥቅ ቀስ ብላችሁ ቁሙ። በግድግዳው ላይ የሰው እግር፣ የእንስሳትና የሰዎች ሥዕል ከጥንታዊ የሰሜን ዓረቢያ ጽሑፍ ጋር ተቀርጿል። የዚያ ጽሑፍ ፊደልና የግእዝ ፊደል የወጣበት የደቡብ ዓረቢያ ፊደል የአንድ ዘር ልጆች ናቸው። ክብ ራስና ዘንግ ያላትን ምልክት ፈልጉ፤ ድምፅዋ «የ» ነው፣ መልኳም የእኛኑ «የ» ይመስላል። አባትዎ ሁለት ሺህ ዓመት ከቆየ ዓለት ላይ ፊደላቸውን ሲለዩ አጠገባቸው ይሁኑ።

የአማን ነዋሪ

ስለ ንጉሡ ጎዳና፦ እጅግ ውብ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ወደ ሸለቆ እየወረደ እየወጣ ስለሚጠማዘዝ ቀኑን ሙሉ ይበላል። ለእናትዎ ስል ከረክን እተወዋለሁ። በምትኩ ከአውሮፕላን ማረፊያው አማን ሳትገቡ ማደባ እደሩ። በማግሥቱ ጠዋት ናባውን፣ ከዚያም በማደባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወለል ላይ ያለውን የ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቅድስት አገር ካርታ ታያላችሁ፤ ኢየሩሳሌም መሐሉ ላይ በግልጽ ትታያለች። ቀኑ እሑድ ከሆነ ጠዋት ቅዳሴ ስላለ ካርታውን ወደ ከሰዓት አዙሩት። ፔትራ ስትደርሱም የአሮን መቃብር ነው ተብሎ የሚታመነውን ነጭ ጉልላት ከሩቅ ተራራ ላይ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ መውጣቱ የወጣት ሥራ ነው፣ ከሩቅ መሳለም ግን ይቻላል።

ሁለት ነገር ሳልናገር እንዳልቀር። ጆርዳን ፓስ የሚባለው ትኬት ለሁለት ቀን የፔትራ ጉብኝት 75 ዲናር ሲሆን ዋዲ ረምንም ይጨምራል፤ አገሩ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ለሚያድርም 40 ዲናሩን የቪዛ ክፍያ ያስቀራል። ክፍያውን ያስቀራል እንጂ የመግቢያ ፈቃዱን አይተካም፤ ስለዚህ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጠየቀውን ከኤምባሲው ሳያረጋግጡ ለማንም ቅድሚያ ክፍያ አይክፈሉ።

ሁለተኛው ዝናብ ነው። ጥቅምትና ኅዳር አየሩ ለጉዞ ተስማሚ ቢሆንም ድንገተኛ ጎርፍ የሚመጣበትም ወቅት ነው። በአውሮፓውያኑ 1963 ሲቅ ውስጥ ጎርፍ ከሃያ በላይ ፈረንሳውያን ጎብኚዎችን ወስዷል፤ በዚያው አቆጣጠር በኖቬምበር 2018ም በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከፔትራ በጥድፊያ ወጥተዋል። በውሉ ላይ «በአየር ጠባይ ምክንያት ቦታው ቢዘጋ የፔትራና የዋዲ ረም ቀናት ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይለዋወጣሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ያስገቡ። ሁለት ሌሊት ዋዲ ሙሳ ማደሩ ለዚህም ይጠቅማችኋል። አስጎብኚው «ዛሬ አንገባም» ካለ ደግሞ አትከራከሩት።

የዱባይዋ (ጠያቂ)

አባቴን አሁን በስልክ አግኝቻቸው ስላልተጨረሰው መቃብር ነገርኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «ከላይ ነው እንግዲህ፤ እንደ እኛው» አሉ። እናቴ ደግሞ ለሁለተኛው ቀን «እኔ ሻይ እየጠጣሁ እጠብቃችኋለሁ፣ እርሳቸው ይውጡ» ብለዋል። ለድርጅቱ አዲስ ደብዳቤ እየጻፍሁ ነው፦ ማደባ ሁለት ሌሊት፣ ዋዲ ሙሳ ሁለት ሌሊት፣ በረሃው አንድ ሌሊት፣ የመጨረሻውን ሌሊት በቀይ ባሕር ዳር ባለችው ዓቀባ ከተማ ለዕረፍት። የሚልኩልኝን መልስ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።