የ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ሰዓቴ 1፡22 ላይ ቆሞብኛል፤ ምን ላድርግ?

ዘግይቶ ጀማሪ፦
ዋና የጀመርኩት በ34 ዓመቴ ነው፤ አሁን 38 ሞልቶኛል። አሰልጣኝ የለኝም። በ25 ሜትር ገንዳ 100 ሜትር ነጻ ቀዘፋ የምጨርሰው በ1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ሲሆን፣ ስምንት ወር ሙሉ ከዚህች ቁጥር ፈቀቅ አላልኩም። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ 2,000 ሜትር ሳላርፍ እዋኛለሁ። ባለፈው የአማተሮች ውድድር የመጀመሪያውን 50 ሜትር በ36 ሰከንድ ጨረስኩ፤ ሁለተኛው 46 ፈጀብኝ። መጨረሻው ላይ ክንዴ የእኔ አልነበረም። ርቀቱን ወደ 3,000 ላሳድገው ወይስ ክብደት እያነሳሁ ክንዴን ላጠንክር? ግቤ 1፡18 ነው።

ሰዓት ያዥ፦
ሁለቱም አያስፈልግህም። 36 እና 46 ብለህ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። በዝላይ ስለሚጀመር የመጀመሪያው ግማሽ መፍጠኑ ያለ ነው፤ አሥር ሰከንድ ግን ብዙ ነው። ቻይናዊው ዋናተኛ ፓን ዣንሌ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ነጻ ቀዘፋን የዓለም ክብረ ወሰን በ46.40 ሰከንድ ሲሰብር፣ በሁለቱ ግማሾች መካከል የነበረው ልዩነት 2 ሰከንድ እንኳ አልሞላም። እኛ እሱን አይደለንም፤ አራት አምስት ሰከንድ ይበቃናል።

የውሃ ተቃውሞ የሚጨምረው ፍጥነቱ በጨመረው ልክ አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። የምታወጣው ኃይል ደግሞ ተቃውሞው በፍጥነቱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ 10 በመቶ ለመፍጠን 33 በመቶ ያህል ተጨማሪ ኃይል ትከፍላለህ። አንተ የመጀመሪያውን 50 በአራጣ ተበድረህ ነው የዋኘኸው።

ቀዛፊዋ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ልምምዱም ችግር አለበት። ወንድሜ፣ 2,000 ሜትር ሳያርፉ መዋኘት ቀስ ብሎ መዋኘትን በደንብ ያስተምራል። እኔም ሁለት ዓመት እንዲሁ ባክኛለሁ። ከሦስቱ ቀናት አንዱን እንዲህ አድርገው፦ በደንብ አሟሙቅና 25 ሜትርን 16 ጊዜ፣ እያንዳንዱን ከ19 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ ዋኝ፤ በየመሃሉ 30 ሰከንድ እረፍ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከ20 ካለፈብህ የዕለቱን ፈጣን ዋና አቁም፤ ከዚያ በኋላ የምትለማመደው ድካምን ብቻ ነው። ሲለምድህ ወደ 8 ጊዜ 50 ሜትር ከአንድ ደቂቃ እረፍት ጋር ትሸጋገራለህ።

አሮጌው ዋናተኛ፦
ልጆች፣ ሰዓት ሰዓት ትላላችሁ፤ ሰውዬው እንዴት እንደሚዋኝ ማን አየ? በመጀመሪያው እና በመጨረሻው 25 ሜትር ስንት ጊዜ እንደምትቀዝፍ ቁጠርና ንገረን። አንድ ሰው ከጎን ይቅረጽህ።

ዘግይቶ ጀማሪ፦
ጋሼ፣ ቆጠርኩ። መጀመሪያ 19፣ መጨረሻ 27! በቪዲዮው ላይ ትንፋሽ ስወስድ ጭንቅላቴ ሙሉ በሙሉ ከውሃ ይወጣል፤ እግሮቼም እንደ መቀስ ይከፈታሉ። ለካስ እንዲህ ነኝ? አፈርኩ።

አሮጌው ዋናተኛ፦
አትፈር፤ ሁላችንም ከዚያ ነው የመጣነው። ጭንቅላት ሲነሳ ዳሌ ይሰምጣል፤ ዳሌ ሲሰምጥ ሽቅብ እየወጣህ እንደመዋኘት ነው። ዓይንህ የገንዳውን ወለል ይይ። ስትተነፍስ አንደኛው መነጽር ውሃ ውስጥ ይቅር፤ ጭንቅላትህ ከትከሻህ ጋር ይዙር እንጂ አይነሳ። የእግሩ መከፈት ሚዛን ለመጠበቅ የሚመጣ ነው፤ ጭንቅላቱ ሲስተካከል አብሮ ይቀንሳል።

27 የሆነው ደግሞ ክርንህ ስለወደቀ ይመስለኛል። ስትደክም መዳፍህ ውሃውን ሳይዝ ያልፋል። እጅህ ፊት ለፊት ሲገባ ክርንህን ከፍ አድርገህ ክንድህን ወደታች እጠፈው፤ ውሃውን በመዳፍህ ብቻ ሳይሆን ከክርን በታች ባለው ክንድ ሁሉ ወደ ኋላ ግፋ። 25 ሜትር በተጨበጠ እጅ ዋኝና መዳፍህን ክፈት፤ የምልህን ያኔ ታውቀዋለህ። የእጅ ሰሌዳ (መዳፍ ላይ የሚታሰር ጠፍጣፋ ፕላስቲክ) አስረህ ለመጠንከር አትቸኩል፤ የእኔን ትከሻ የጎዳው እሱ ነው።

ሰዓት ያዥ፦
ግድግዳውን ረስተናል። በ25 ሜትር ገንዳ 100 ሜትር ሦስት መዞሪያ አለው። ከዝላዩ ቀጥሎ ሰውነትህ ከሁሉ የሚፈጥነው ግድግዳውን በገፋህበት ቅጽበት ነው፤ ስለዚህ እጆችህን ደራርበህ፣ ጆሮህን በክንዶችህ ይዘህ ተዘርጋ። ደንቡ ከዝላዩና ከየመዞሪያው በኋላ እስከ 15 ሜትር ውሃ ውስጥ መቆየት ይፈቅዳል፤ ለእኛ ግን አምስት ስድስት ሜትር ይበቃል፤ ፍጥነቱ ከሞተ በኋላ ከታች መቆየት ትርፍ የለውም። ከግድግዳው በወጣህ የመጀመሪያ ቀዘፋ አትተንፍስ። ሰዓትህን በ50 ሜትር ገንዳ ከዋኘኸው ጋርም አታወዳድረው፤ እዚያ መዞሪያው አንድ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩ ይከፋል።

ዘግይቶ ጀማሪ፦
ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። 37 እና 42፤ በድምሩ 1፡19! በመጨረሻው 25 ሜትር የቀዘፋዬ ቁጥር 22 ነው። ከሦስተኛው መዞሪያ ስወጣ ግን ትንፋሽ አጥሮኝ በመጀመሪያው ቀዘፋ ተነፈስኩ። በውድድር በየሦስት ቀዘፋ ነው የምተነፍሰው፤ ልቀይረው?

ቀዛፊዋ፦
እንኳን ደስ አለህ! አዎ፣ በየሁለቱ አድርገው። በየሦስት መተንፈስ ሁለቱንም ጎን ለማመጣጠን በልምምድ ጥሩ ነው፤ በ100 ሜትር ውድድር ግን አየር ሲያጥርህ መጀመሪያ የሚበላሸው ያ የደከምክበት ክርን ነው። ከመዞሪያው በፊት ባሉት ሁለት ቀዘፋዎች በደንብ ተንፍስ፤ ግድግዳው ጋ ለመዞር ስትገለበጥ በአፍንጫህ ቀስ እያልክ አስወጣው።