ክርክር፦ «ሮንግ ተርን» ከስላሸር ወደ ፎክ ሆረር መዞሩ ተገቢ ነበር ወይ?

አወያይ፦
ለውይይት ያቀረብነው ጥያቄ «ሮንግ ተርን» የተባለውን የአሜሪካ አስፈሪ ፊልም ይመለከታል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2003 ተጀምሮ እስከ 2014 ድረስ 6 ክፍሎች ወጥተውለታል። በእነዚህ ክፍሎች መንገድ የሳቱ ሰዎች በምሥራቅ አሜሪካ በሚገኘው በአፓላቺያ ተራሮች ጫካ ውስጥ፣ ለትውልዶች እርስ በርስ በመጋባታቸው አካላቸው በተበላሸ ሰው በላ ወንድማማቾች እጅ ይወድቃሉ፤ ገዳይ ሰዎችን አንድ በአንድ እያደነ የሚጨርስበት ይህ ዘርፍ ስላሸር ይባላል። በ2021 የወጣውን ፊልም ግን የመጀመሪያውን ክፍል የጻፈው አለን ማክኤልሮይ ራሱ ከሥሩ እንደ አዲስ ጻፈው፤ ማይክ ፒ. ኔልሰንም ዳይሬክት አደረገው። ሰው በላዎቹ ወጥተው በምትካቸው ከ1859 ጀምሮ ከዓለም ተለይቶ በተራራ ላይ የሚኖር «ፋውንዴሽን» የተባለ ማኅበረሰብ ገባ። የአንድ ገዳይ ጭካኔ ሳይሆን የአንድ ማኅበረሰብ እምነትና ሥርዓት የሚያስፈራበት እንዲህ ያለው ፊልም ፎክ ሆረር ይባላል። ይህ ለውጥ ተገቢ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ?

የድሮ ተመልካች፦
እኔ ተገቢ አልነበረም ከሚሉት ወገን ነኝ። የ2003ቱን ፊልም ሰፈራችን ከነበረው ቪዲዮ ቤት ተከራይቼ ያየሁት ገና ተማሪ ሳለሁ ሲሆን፣ ከዓይኔ የማይጠፋ አንድ ትዕይንት አለው። ወጣቶቹ ስልክ ፍለጋ በገቡበት ጎጆ ውስጥ ሳሉ ባለቤቶቹ ይመጡባቸዋል፤ ከአልጋ ሥር ተደብቀው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ የገዛ ጓደኛቸው ሬሳ ከአጠገባቸው ሲከተፍ ይሰማሉ፤ ከዚያም ገዳዮቹ ጠግበው እስኪተኙ ጠብቀው በተኙት መካከል እየተሹለከለኩ ለመውጣት ይሞክራሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ማንም ስለ እምነት ወይም ስለ ፍትሕ ንግግር አያደርግም፤ እኛም ከእነርሱ ጋር ትንፋሻችንን ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የለንም። የገዳዮቹን ፊት የሠሩት ስታን ዊንስተንና ባልደረቦቹ ነበሩ፤ ፍርሃቱም ከዚያ ፊት ይፈልቅ ነበር።

በ2021ዱ ፊልም ግን ቬነብል የተባለው የማኅበረሰቡ መሪ በወንበሩ ተቀምጦ ይዳኛል፣ ይመክራል፣ ያስተምራል። ይህን ዓይነት ፊልም መሥራት ነውር ነው አልልም፤ ነገር ግን ከቀድሞዎቹ ገዳዮች አንዱም በሌለበት ታሪክ ላይ የቀድሞውን ስም መለጠፍ፣ ስሙን አምኖ ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባውን ተመልካች ማታለል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሹፌሯ ከቨርጂኒያ፦
ወንድሜ፣ ለስሙ መቆርቆርዎን አከብራለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ስማቸው ከስክሪኑ ውጭ የጠፋባቸው ሰዎች ጉዳይ ነው። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ሲሆን ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ቴነሲ ስሄድ በኢንተርስቴት 81 ያንን የተራራ ሰንሰለት ይዤ እወርዳለሁ። አንድ ሌሊት ከዋናው መንገድ ወጥቼ ነዳጅ ስፈልግ ጎማዬ ፈነዳ። ስልኬ ኔትወርክ አልነበረውም። አንድ ሽማግሌ በአሮጌ ፒክአፕ መጥተው ከኋላዬ ሲያቆሙ በሮቹን ሁሉ ቆለፍኩ፤ መስታወቱንም በጣት ስፋት ብቻ ዝቅ አድርጌ አነጋገርኳቸው። እርሳቸውም መፍራቴን አይተው ምንም አላሉም፤ ክሪካቸውንና የእጅ ባትሪያቸውን ከበሬ አጠገብ መሬት ላይ አስቀመጡና ወጥቼ እንድወስድ ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው ቆሙ።

ያ ፍርሃት ከየት መጣብኝ? ከዚያ በፊት ከእነዚያ ሰዎች አንዳቸውም ክፉ አድርገውብኝ አያውቁም። ያስፈሩኝ ፊልሞች ናቸው፤ ከእነዚህም አንዱ ይኸው «ሮንግ ተርን» ነው። የመጀመሪያው ክፍል ገና ሲጀምር የጋዜጣ ቁርጥራጮችን እያሳየ፣ የተራራው ሰው ደሙ የተበላሸ ነው የሚለውን አሮጌ ሐሜት እንደ ማስረጃ ያቀርብልናል። የፊልሙ ታሪክ የሚፈጸምባት ዌስት ቨርጂኒያ እኮ በ1921 በብሌር ተራራ ወደ 10,000 የሚጠጉ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ለማኅበር መብታቸው መሣሪያ አንስተው የተዋጉባት ምድር ናት። ፊልሙ የተቀረጸው ግን እዚያም አይደለም፤ የመጀመሪያው በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ከተከታዮቹም 3ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው በቡልጋሪያ ተሠርተዋል። ስለዚህ ያንን ምስል የሚያፈርስ ማንኛውም ለውጥ በእኔ ዘንድ የተገባ ነው።

የሲኒማ ተማሪ፦
በእህታችን ሐሳብ ላይ አንድ ነገር እጨምራለሁ። በስላሸር ፊልም ውስጥ ገዳዩ ለምን እንደሚገድል መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ፎክ ሆረር ግን ከዚያ ጥያቄ ይነሣል። በ1973 በወጣው «ዘ ዊከር ማን» የጠፋች ልጅ ፍለጋ ወደ ስኮትላንድ ደሴት የሄደው ፖሊስ የሚቃጠለው፣ የደሴቱ ሰዎች ሰብላቸው እንዲሰምር መሥዋዕት ያስፈልጋል ብለው ከልባቸው ስለሚያምኑ ነው። የሚያስፈራውም እምነታቸው በራሱ መንገድ የተያያዘና የተሟላ መሆኑ ነው።

የ2021ዱ «ሮንግ ተርን» ከሁሉ የበረታበት ቦታ የችሎቱ ትዕይንት ይመስለኛል። ተንከባሎ የመጣ ግንድ አንድ ጓደኛቸውን ከገደለ በኋላ፣ በድንጋጤ ላይ ያሉት መንገደኞች ከማኅበረሰቡ ሰዎች ጋር ይገናኛሉ፤ አዳም የተባለውም ወጣት አንዱን የማኅበረሰቡን ሰው በእንጨት ቀጥቅጦ ይገድለዋል። በችሎቱ ላይ ማኅበረሰቡ፣ ወጥመዱ ለአውሬ እንጂ ለሰው እንዳልተዘረጋና ሰዎቻቸው ሊረዱት እንጂ ሊገድሉት እንዳልመጡ ይናገራል። እኛም ተመልካቾች እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በጭምብላቸው ብቻ ፈርደንባቸው እንደነበር እንረዳለን። ፍርዱ አሰቃቂ ነው፤ ገዳዩ በገደለበት መንገድ ይሞታል፣ ሌሎቹም ዓይናቸው ጠፍቶ ወደ ዋሻ ጨለማ እንዲጣሉ ይበየናል። ሆኖም ያ ጭካኔ ከሕግ የመነጨ መሆኑ ከመጥረቢያ ይልቅ ያስፈራል።

የዓመቱም ምርጫ ከንቱ አይደለም። 1859 ጆን ብራውን ባርነትን ለማስወገድ በሃርፐርስ ፌሪ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን የወረረበት ዓመት ነው፤ ያ ቦታ ያን ጊዜ ቨርጂኒያ ነበር፣ ዌስት ቨርጂኒያ የተባለው ግዛት ራሱ ተገንጥሎ የቆመው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት መካከል በ1863 ነው። ሀገሪቱ ልትፈርስ ነው ብለው ወደ ተራራ የወጡት ሰዎች ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ዳሪየስ የተባለው ጥቁር ወጣት ከተማ ውስጥ ያጣውን እኩልነት እዚያ አግኝቼዋለሁ ብሎ መቅረቱም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ እንዲህ ያለውን ምርጫ ስላሸር ሊያስብበት አይችልም።

የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ፣ ከሃይፋ፦
ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብኩ፤ ነገር ግን ከልቤ የማይወጣ ጥርጣሬ አለኝ። አያቴ በጎንደር አጠገብ ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ አያቴ ወንዱም ቀጥቃጭ ነበሩ። በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል እስኪመጡ ድረስ ጎረቤት ቡዳ ይላቸው ነበር። ምንቸታቸውን በገበያ ይገዛቸዋል፣ ማረሻውን ያስላቸዋል፤ ሌሊት ግን ጅብ ሆነው ይወጣሉ ይላል። የተገደለ ጅብ ጆሮ ላይ ጉትቻ ተገኘ የሚለውን ወሬ ሰምታችሁት ይሆናል። አያቴ ያን ወሬ ከሰሙ በኋላ ጉትቻ አድርገው ወደ ገበያ ወርደው አያውቁም።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ጅብ ለተባለ ሰው፣ «አይደለም፣ ሕግና ችሎት ያለው ጅብ ነው» ቢሉለት ምን ቀለለለት? የመጀመሪያዎቹ ፊልሞች የተራራውን ሰው ሥጋ አረከሱ። አዲሱ ደግሞ እምነቱን፣ ልብሱን፣ ሥርዓቱን የፍርሃት ምንጭ አደረገው። አያቴን ያቆሰላቸው የፊታቸው መልክ ሳይሆን፣ ሥራቸውና ሥርዓታቸው ምስጢር አለው መባሉ ነበር። ፎክ ሆረር የሚቀመመው ከዚሁ ነው ብዬ እፈራለሁ።

የድሮ ተመልካች፦
እህቴ፣ እኔ በስሙ ምክንያት ስቃወም እርስዎ ከዚያ የጠለቀውን አነሡ። ስለ አያትዎ ያሉትን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ፦ የምወደው የ2003ቱ ፊልም በሰው ሐሜት ላይ የቆመ ነው፤ የእህታችን የቨርጂኒያዋን ነገር አሁን አልከራከርም። አዲሱ የተሻለ ነው የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም።

የሲኒማ ተማሪ፦
የሃይፋዋ እህታችን ጥያቄ ከባድ ነው፤ በአብዛኛውም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ፊልሙ አንድ ልዩነት ያደርጋል፦ የፋውንዴሽን ሰዎችና በተራራው ግርጌ ያለችው ከተማ ነዋሪዎች አንድ አይደሉም። በመጠጥ ቤቱ ከወጣቶቹ ጋር ቃል የሚለዋወጠው የአካባቢው ሰው ንቀታቸውን ፊት ለፊት ይነግራቸዋል፤ ሰው በላም ጠንቋይም አይደለም፤ ሠርቶ አዳሪ ሰው ነው። በመጨረሻም ፍርሃቱ ተራራውን ትቶ ይወርዳል። ከወጣቶቹ አንዷ የሆነችው ጄን ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ የፋውንዴሽኑ መሪ ከሰዎቹና ከአንዲት ትንሽ ልጅ ጋር በሰላማዊ የከተማ ሰፈር ሊወስዳት ይመጣል፤ እርሷም በመኪናው ውስጥ በተማረችው የተራራ ሕግ ቢላ ይዛ ትጨርሳቸውና፣ የትንሿን ልጅ እጅ ይዛ በአስፋልቱ ላይ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ጨካኙ ማን እንደሆነ ፊልሙ ለይቶ አይነግረንም።

የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ፣ ከሃይፋ፦
የመጨረሻውን ትዕይንት በዚያ ዓይን አላየሁትም ነበር፤ ደግሜ አየዋለሁ። የቨርጂኒያዋን እህቴን ግን ልጠይቅ፦ እኚያ ክሪካቸውን አስቀምጠው ወደ ኋላ የሄዱት ሽማግሌ ሁለቱን ፊልሞች ቢያዩ ራሳቸውን በየትኛው ያገኙት ይመስልሻል?

ሹፌሯ ከቨርጂኒያ፦
ብዙ አሰብኩበት። የመጀመሪያውን ገና ሲጀምር የሚያጠፉት ይመስለኛል። በሁለተኛውም ጫካ ውስጥ ራሳቸውን የሚያገኙ አይመስለኝም። በመጠጥ ቤቱ ያለውን ሰው ግን ያውቁታል፤ ምናልባትም ከዚያች አጭር ትዕይንት በኋላ ካሜራው ለምን ከእርሱ ጋር እንዳልቆየ ይጠይቃሉ።